ከማማው ላይ ያየሁት እጅ

ባለቤቴ ሰቆጣ ወህኒ ቤት በቆየባቸው ዓመታት እዚያው ሰቆጣ በኩል ያለውን የዝቋላ ማሳችንን የጠበቅሁት እኔ ነኝ። የታሰረው ከጎረቤታችን ጋር በድንበር ተጣልቶ ትከሻውን በመጥረቢያ ስለመታው ነው። ሰውየው ዳነ። በሚስትና በመሬት ቀልድ የለም በሚባልበት አገር ግን ቂም እንደ ቁስል ቶሎ አይሽርም።

ስንቅ ላደርስለት ስሄድ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ በእንቅልፍ ልቤ እጓዛለሁ። ተራራው ከጭጋጉ ብቅ ይላል፤ ደግሞ ይጠፋል። ስደርስ የሚያወራኝ ወህኒ ቤት ውስጥ ስለጀመረው ትምህርት ነው። ሦስተኛ ክፍል ማለፉን የነገረኝ ቀን ደስ አላለኝም፤ ቀናሁ። ሰው የመታው እሱ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ይማራል፣ ማንንም ያልነካሁት እኔ ፀሐይ ላይ ዝንጀሮ አባርራለሁ። ይህንኑ ነገርኩት። እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

የተፈታው ማሽላው ሊታጨድ ሲቃረብ ነው። ጎረቤታችን እሱ በሌለበት ድንበሩን አልፎ አርሶ ነበር፤ ደም እንዳይፈስ ፈርቼ ከባለቤቴ ደብቄው ነበር። መጥቶ በዓይኑ አየ። በማግስቱ ማለዳ ወደ ድንበሩ ሲወርድ ዝንጀሮ የምጠብቅበት ማማ ላይ ወጣሁ።

ጉሙ ማሽላውን እስከ ወገቡ ውጦት ነበር። ሁለቱ ሰዎች እግር የሌላቸው ይመስል በጉሙ ላይ ተንሳፍፈው ተገናኙ። ጎረቤታችን በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ይጮሃል፤ ነፋሱ ድምፁን እንጂ ቃሉን አያመጣልኝም። ድንገት የባለቤቴ ቀኝ እጅ ወደ ላይ ተነሳ። እጁ ግን አልወረደም። ባዶውን፣ ጣቶቹ ተዘርግተው፣ እዚያው አናቱ ላይ ቆየ። ሰውየው ጮኾ ጮኾ ደከመው፤ ዝም አለ። ያኔ እጁ ቀስ ብሎ ወረደና ባለቤቴ መናገር ጀመረ። ቆይተው ሁለቱም ተቀመጡ፤ ጉሙ ሸፈናቸው።

ሲመለስ ምን ማድረጉ እንደነበር ጠየቅሁት። አፈረ። ክፍል ውስጥ መናገር የፈለገ ሰው እጁን አውጥቶ ተራውን እንደሚጠብቅ፣ ሳያስበው ልማድ እንደሆነበት ነገረኝ።

"ሲሰድበኝ ብዙ መልስ መጥቶልኝ ነበር" አለ። "እጄን እንዳወጣሁ አለፈ።"

መሬቱስ አልኩት። ሰውየው ካረሰው ላይ ግማሹን ሊመልስ፣ ግማሹን እኛ ልንተውለት ተስማምተው፣ ሽማግሌ ፊት ሊጨርሱት ተቀጣጥረዋል። ደሜ ፈላ። ስንት ክረምት ብቻዬን የተንከራተትኩት ለሰው ልናስረክበው ነው ወይ ብዬ ጮህኩበት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"ይሂድ" አለኝ። "ያን ጊዜ መሬቱ እዚሁ ቀርቶ ወህኒ የሄድኩት እኔ ነበርኩ።"

ልጣላው ተነስቼ ነበር፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።