የመቀመጥ ዋጋ

ሰፈሩ «እትዬ ሚዛን» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመጋዘን ዕቃ ሲረከቡና ሲያስረክቡ ኖረው በጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ቲማቲም ሲገዙ እንኳ የታችኛውን ገልብጠው ካላዩ እጃቸው ወደ ቦርሳቸው አይገባም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እሳቸው እስካሁን አልተመነጠሩም።

ቀለም ቀቢም ይምጣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ዋጋውን የሚፈርዱት እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሥራውን ይዞሩትና «ይሄ ሌብነት ነው» ወይም «ይሁን፣ ይከፈለው» ይላሉ። ሁለተኛውን ያሉበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው።

ታዲያ የእኚህ ሴት አማች የላቫጆ ማሽን ገዛ፤ በግፊት ውሃ ግድግዳና ደረጃ ሊያጥብበት። የገዛው ሚስቱ ሐብሏን ሸጣ በሰጠችው ገንዘብ ነው። ሐብሉን ለሠርጓ የሰጧት እናቷ ነበሩና እትዬ ሚዛን ማሽኑን ባዩ ቁጥር የልጃቸው ባዶ አንገት ይታያቸዋል።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ደረጃዋን ስታሳጥብ ለዳኝነት ጠራቻቸው። አማቻቸው ሳሙናውን ረጨና ማሽኑን አጥፍቶ አጥሩ ሥር ቁጭ አለ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ሳሙናው የድንጋዩን ሽበት፣ ይሄን የተጣበቀ ጥቁር ሻጋታ፣ እስኪበላው ነው፣ እማማ።»

ተነሥቶ አጠበ፣ ደግሞ ረጨ፣ ደግሞ ተቀመጠ። ለመቀመጥም ሊያስከፍል ነው አሉ በልባቸው። ለአማቿ አዳላች እንዳይባሉም ፈሩ፤ ጠርጣሪ ሰው ሁሉም እንደሱ የሚጠረጥር ይመስለዋል። ስለዚህ ፍርዱን አከበዱት።

«የተቀመጠበት አይከፈልም። ከጠየቀሽ ዋጋ ግማሹ ይበቃዋል።»

አማቹ አንገቱን ደፋ። ከአማት ጋር ምን ክርክር አለ?

ፍርዱ ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። «የገዛ አማትህ የቆረጡት ዋጋ ነው» እያለ ሁሉም ግማሹን ይዞ መጣ፤ ገቢው የቤንዚኑን ወጪ እንኳ አልሸፍን አለው። በመጨረሻ ልጃቸው መጣች።

«እማዬ፣ ማሽኑን ሊሸጠው ነው። በገዛበት ግማሽ የሚወስድ ሰው ነገ ይመጣል።»

«ሰነፍ ነው፤ ሰበብ አገኘ» አሉ እትዬ ሚዛን። ነገሩ ግን ከነከናቸው። ማሽኑ ሳይሸጥ የራሳቸውን ደረጃ እንዲያጥብላቸው አማቻቸውን ጠሩትና፣ ማጭበርበሩን ዛሬ በዓይኔ እይዛለሁ ብለው ወንበር አውጥተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

እሱ ረጨ፤ ሳይቀመጥ ወዲያው አጠበው። ደግሞ ረጨ፤ ደግሞ አጠበ። ቶሎ ጨረሰ። ውሃው ሲደርቅ ግን ደረጃው ዥንጉርጉር ሆኖ ወጣ፤ ጥቁሩ ሽበት ከድንጋዩ ጋር እንደተጣበቀ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው? የልብስ ሰፊዋ እኮ እንደ መስታወት ነው የወጣው! እኔን ነው የምታሞኘው?»

«ኧረ አይደለም፣ እማማ። እዚያ ተቀምጬ ነበር። መቀመጥ አይከፈልም ስላሉ ነው።»

ፊቱ ላይ ፌዝ ፈለጉ። ተንኮል ፈለጉ። ያገኙት ድካም ብቻ ነው። የልጃቸውን ሐብል ሁለተኛ ጊዜ በርካሽ ሊያሸጡት የነበሩት ራሳቸው እንደሆኑ ገባቸውና ክፉኛ አፈሩ።

ልብስ ሰፊዋ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ታሰጣለች።

«ስሚኝማ!» ብለው ጮኹ። «ያን ቀን የፈረድኩት ስህተት ነው። መቀመጡም ይከፈላል። ያስቀረሽበትን ስጪው፤ ለሌላውም ንገሪ!»

ልብስ ሰፊዋ እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እትዬ ሚዛን ፍርድ ሲያጥፉ ሰምታ አታውቅም።

እሳቸው ወንበራቸውን አንሥተው ለአማቻቸው አቀበሉት። «እንደገና ርጭና ቁጭ በል። የነገውንም ሰውዬ አትምጣ በለው።»

ረጭቶ ተቀመጠ። እትዬ ሚዛን ሌላ ወንበር አምጥተው አጠገቡ ተቀመጡና ደረጃው ላይ አፈጠጡ።

«ይሄን ያህል መቀመጥ ግን የግድ ነው?» አሉ ትንሽ ቆይተው።

«የግድ ነው፣ እማማ።»

«እሺ። እያየሁህ ነው።»