ሐጂ የለቀቁልኝ ጋቢና

ይህ የሆነው ባለፈው ጥቅምት ነው። እስከ ዛሬ የሩጫ ጫማዬን ባየሁ ቁጥር ብቻዬን ሆኜ እንኳ ፊቴ ይግላል።

የምኖረው ቢቸና ነው። ግጥም እሞክራለሁ፤ ያስተማረኝ ሰው የለም። ተቀምጬ አንድ ስንኝ አይመጣልኝም፤ የሚመጣልኝ ስሮጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ግራ ተረከዜን መውጋት ሲጀምረኝ ሩጫውን አላቆምኩም። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ሚስማር የረገጥኩ ያህል ያመኛል፤ ትንሽ ከሮጥኩ በኋላ እግሬ ሲሞቅ ሕመሙ ይጠፋል። የዳንኩ እየመሰለኝ ወራት ሮጥኩበት። መራመድም ሲያቅተኝ ሞጣ ሄጄ ታየሁ። ሐኪሙ ባቴንና ተረከዜን አሽቶ ሲጨርስ፣ "አሁን ካላረፍክ ሩጫን እርሳው" አለኝ። እሺ አልኩ።

ከታሸሁ በኋላ ብሶብኝ እያነከስኩ መናኸሪያ ደረስኩ። የቢቸናው ሚኒባስ ሞልቶ ከኋላ አንዲት ጠባብ ቦታ ብቻ ቀርታለች።

"ቶሎ በል እንጂ፣ አንተ አንካሳ!" አለኝ ረዳቱ።

ጋቢና የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሰሙት። ነጭ ቆብ ያደረጉ ረዥም ሰው ናቸው፤ የሞጣ ነጋዴ። ተሳፋሪው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል።

"አፍህን ሰብስብ" አሉት። ከዚያ በሩን ከፍተው ወረዱ። "ና ልጄ፣ እዚህ እግርህን ዘርጋ።"

"ኧረ አይሆንም ሐጂ! እርስዎ ተቀምጠው..."

"የኔ ጉልበት መታጠፍ ለምዷል። በቀን አምስት ጊዜ አጥፈዋለሁ።"

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ገባሁ፤ እሳቸው ከኋላ ያቺ ጠባብ ቦታ ላይ ተቀመጡ። መንገዱን ሙሉ በሾፌሩ መስታወት አያቸው ነበር። ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደርሶ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር ቆባቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። ቢቸና ስንወርድ ወገባቸው አልቃና ብሎ በሩን ይዘው ቆሙ። እንዲያም ሆነው "ቀስ ብለህ ሂድ" ያሉት እኔን ነው።

በማግስቱ ማረፍ ነበረብኝ። ግን ግማሽ ስንኝ ይዤ ነቃሁ፤ ሌላው ግማሽ እምቢ አለ። ጫማዬን አጠለቅሁ። የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ጥርሴን ነክሼ አለፍኳቸው። እግሬ ሲሞቅ እንደልማዱ ሕመሙ ጠፋ፤ ቁልቁለቱን በሙሉ ኃይሌ ለቀቅሁት።

መናኸሪያው በር ላይ ሐጂ ቆመዋል። ወደ ሞጣ ሊመለሱ ነው። ወገባቸው አልተቃናም፤ ቤቱ ያደሩበትን የልጃቸውን ባል ትከሻ ተደግፈዋል።

ሳያቸው ማነከስ ጀመርኩ። አስቤበት አይደለም። ምንም ሳያመኝ እግሬን መጎተት ጀመርኩ።

"ልጄ፣ እንዴት አደርክ? እግርህ ተሻለው?" አሉኝ።

አማቻቸው ግን ከቁልቁለቱ አናት ጀምሮ ሲያየኝ ነበር። "አንተ! አሁን እንደ ፈረስ ስትጋልብ አልነበረም እንዴ?" ወደ ሐጂ ዞረ። "ትናንት ወገብዎን የሰጡለት በሽተኛ ይሄ ነው?"

እግሬ ሲሞቅ ሕመሙ እንደሚጠፋ ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ገና ሳልናገረው ውሸት ውሸት ሸተተኝ።

"ተወው፣ አትጨቅጭቀው" አሉ ሐጂ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ "ትናንት ግን አሞህ ነበር፤ አይደል ልጄ?"

"አዎ ሐጂ።"

እውነቴን ነበር። ግን ያንን ስል አንድ እግሬን አንጠልጥዬ ነበር የቆምኩት። ሐጂ እግሬን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። አማቻቸው ደግፎ ወደ ሚኒባሱ አስገባቸው።

ቆሜ እያለሁ እግሬ ቀዝቅዟል። ወደ ቤቴ ስዞር ተረከዜን ወጋኝ። አሁን የማነክሰው የእውነቴን ነው። ከኋላዬ የአማቻቸው ሳቅ ተሰማኝ፤ "እዩት፣ አሁንም አልተወም!" ቀጥ ብዬ ልራመድ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልሮጥኩም። ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፌ ባቴን ስቤ አፍታታለሁ፤ ማታ ተረከዜ ላይ በረዶ አደርጋለሁ። ሕመሙ እየቀነሰ ነው። ስንኙም ተቀምጬ ስጠብቀው ዘግይቶም ቢሆን መምጣት ጀምሯል።

ለክትትል አሁንም ሞጣ እሄዳለሁ። የሐጂ ሱቅ ወደ ሕክምናው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ወገባቸው እንዴት እንደሆነ መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ ግን እስካሁን በገበያው ጀርባ ዞሬ ነው የማልፈው። እያነከስኩ ባልፍ ያስመስላል ይሉኛል፤ ቀጥ ብዬ ባልፍ ደግሞ ድሮም ጤነኛ ነበር ይላሉ። በእሳቸው ፊት እንዴት አድርጌ እንደምራመድ አላወቅሁም።