በአጥንት የተሰፋ ቀሚስ

ቤቴ የመጡት ፖሊሶች ሰላምታዬን አልመለሱም። አደጋ መምጣቱ የገባኝ ያኔ ነው። ጓሮ እንሰት እየፋቅኩ ነበር፤ እጄን ጠርጌ "ግቡ" አልኳቸው። "ልጅሽ የት ነው?" አሉኝ። ስብሰባ ላይ በተናገረው ነገር እንደሚፈልጉት አውቃለሁ። ያለበትንም አውቃለሁ። "አላውቅም" አልኩ። ፒካፑ ላይ ጎትተው ሲጭኑኝ ቀሚሴ ከትከሻዬ እስከ ብብቴ ተቀደደ።

ሆሳዕና ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ሽንት ሽንት ይላል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ቀሚሱ ነበር። ፍርድ ቤት ስቀርብ ሴት ልጄ ትመጣለች። የእናቱ ልብስ ተቀዶ መታየቱን ከነገረችው ወንድሟ አያድርም፤ ሄዶ እጁን ይሰጣል። እነሱም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

ጠባቂዋን መርፌ ለመንኳት። "ክልክል ነው" አለች።

አብረውኝ አንዲት የአንጋጫ አሮጊት ታስረው ነበር። "ልጄ፣ መርፌ ሳይመጣ ሰው ራቁቱን ነበር እንዴ የሚሄደው?" አሉኝ። ያን ጊዜ አያቴ ቆዳ የምትሰፋበት የአጥንት ወስፌ ትዝ አለኝ።

አሮጊቷ ከመጣላቸው ወጥ ውስጥ የበግ አጥንት መርጠው ሰጡኝ። ሰንጥቄ ሲሚንቶው ላይ ውሃ ጠብ እያደረግኩ ሳልኩት። የመጀመሪያው ተሰበረ።

"ቀስ በይ፣ የት ልትሄጂ ነው?" ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ።

ክሩ አላስቸገረም። ከቤት የመጣልኝ ቆጮ የታሰረበትን ቃጫ ሰንጥቄ ጭኔ ላይ አከረርኩት። በወስፌው እየበሳሁ፣ ክሩን በጣቴ እየገፋሁ ሰፋሁ። ስፌቱ ቀጥ አለ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ልጄ ሮጣ አቀፈችኝ።

"እማ፣ ነክተውሻል?"

"እዪኝ እስቲ።"

ትከሻዬን ዳበሰች። "ይሄ ቃጫ ነው እንዴ?"

"አዎ። በአጥንት ነው የሰፋሁት።" ፖሊሱ አጠገባችን ቆሟል። "እንዴት ናት ብሎ ለጠየቀሽ ሁሉ፣ ያየሽውን ንገሪ" አልኳት።

ገባት። ልጄም ከተደበቀበት አልወጣም።

ሲፈቱኝ ወስፌውን ለአሮጊቷ ተውኩላቸው። "ደግ አደረግሽ፣ ሌላም ሴት ትመጣለች" አሉኝ።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ነገር ግን ብረት ሳያውቁ አጥንት ስለው፣ ቃጫ አክረው ልብስ የሰፉ ሰዎች ዘር ነኝ። ያን ቀሚስ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን እለብሰዋለሁ፤ ስፌቱን በሲንጀር መኪና አላስቀየርኩም። ፍለጋው ቀርቶ ልጄም ተመልሷል፤ ጓሮ ሆኖ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ቤቴ ነኝ። ደህና ነኝ።