ጎርፉ ወዴት ይወስደዋል

የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝና ከሱቄ ወጣሁ። ጎረቤቴ መካኒኩ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ አንድ ባልዲ ጥቁር ዘይት የጎርፍ ቦዩ ውስጥ ይደፋል።

«ምን አስጨነቀሽ፣ ጎርፉ ይወስደዋል» አለኝ።

ልጅ ሳለሁ እኔም እዚሁ ላሊበላ፣ በዚሁ ቦይ የልብስ እጣቢ ደፍቼ ይህንኑ ብዬ ነበር። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ አልተቆጡኝም። እጄን ይዘው ቦዩን ተከትለው ቁልቁል ሰው ውሃ እስከሚቀዳበት ምንጭ ወሰዱኝ። አንዲት አሮጊት አረፋውን በመዳፋቸው ገፋ እያደረጉ ጀሪካን ይሞላሉ። አባቴ አንገቴ ላይ ድንጋይ አስቀመጡና «ይቅርታ ጠይቂ፤ ጎርፉ የወሰደው እሳቸው ዘንድ ነው» አሉኝ። የማላውቃቸውን ሴትዮ ምን እንደበደልኩ ያኔ በደንብ አልገባኝም።

የመካኒኩን እጅ ያዝኩ። «ና፣ ምንጩን ላሳይህ» አልኩት።

እጁን መንጭቆ «እዚያ እኮ ሌላ ቀበሌ ነው» አለኝ።