ሲምባል የመታሁ ቀን
ሞባይል ቦንጋ ከመግባቱ በፊት ነው። ከመንታ ልጆቻችን ሴቷ ከሞተች ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር። የሬሣ ሣጥኗን እዚያው ግቢያችን ውስጥ በገዛ እጄ ነው የመታሁት።

ከጅማ የገዛሁት ርካሽ የድራም ሲምባል፣ ያ በዱላ የሚመታው ክብ ነሐስ፣ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ነበር። ያን ቀን ባለቤቴ ወፍጮ ቤት ሄዳ፣ ወንዱ ልጃችን ተኝቶ ሳለ፣ ላስተካክለው ብዬ ጓሮ ተቀምጬ በመዶሻ እቀጠቅጠው ጀመር።

ብዙም ሳልቆይ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ።

«ይሄንንም ወሰደብህ ልጄ?»

«ማንን?» አልኩ ግራ ገብቶኝ።

«ታዲያ የምን ሣጥን ነው የምትመታው?»

ሲምባሉን አንስቼ አሳየኋቸው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ወይኔ! እናቱን ጥሩልኝ ብዬ ወፍጮ ቤት ሰው ልኬያለሁ እኮ!»

ወዲያው የባለቤቴ ጩኸት ከመንገዱ ተሰማ። ዱቄት እንደነካት ገባች። በእጄ የያዝኩትን መዶሻ አየችና አልፋኝ ወደ ቤት ሮጠች።

«ተኝቶ ነው! ተኝቶ ነው!» እያልኩ ተከተልኳት።

እህቱ የሞተች ጠዋትም ያልኳት ይህንኑ ነበር። አላመነችኝም። ልጁን አንስታ ነቀነቀችው። ዓይኑን ገልጦ በንዴት ጮኸ።

«አልቅስ!» አለችው እየሳቀች። «አልቅስልኝ፣ የኔ ጌታ!»