መስኮቱ ላይ የሚሰቀለው ፊት

ቤት የሌላቸው ሰዎች ሥዕል በሚማሩበት አዳራሽ፣ ሴትየዋ ሁልጊዜ የምትቀመጠው በሩን እያየች ነው። ፌስታሏን ከእግሯ ሥር አታርቅም፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ብሩሿ አየር ላይ ይቀራል።

ዛሬ እጇ አመለጣትና ከአባቷ ዱላ ያስመለጠቻትን ልጇን ሣለች፤ ግንባሯ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ አልቀረችም።

«እጅሽ ይባረክ! ይሄማ መንገድ ዳር ባለው መስኮት ላይ ነው የሚሰቀለው» አለች አስተማሪዋ።

ሴትየዋ ክው አለች። አባትየው በዚያ ካለፈ ልጁን ይለያታል፤ ያሉበትንም ያውቃል።

«ቆዪ እህቴ፣ ትንሽ ይቀረኛል» አለቻት።

ብሩሿን ጥቁር ቀለም ውስጥ ነክራ ጠባሳዋን በፀጉር ሸፈነች። አሁንም ልጇ ናት። ዓይኖቿን አጠፋች። አሁንም ልጇ ናት። ፈገግታዋ ጋ ስትደርስ ግን እጇ አልታዘዝ አላት።