የአስማረ ጣሪያ

ቤት ልትሠራ ነው አሉ፤ ድንጋዩንም አስፈልጠሃል። ደግ አደረግህ። ግን ተስፋው፣ የወንድሜ ልጅ ባትሆን እንኳ ይህን ሳልነግርህ አላልፍህም ነበርና ቁጭ በል። አርባ ዓመት ሙሉ ግንበኛ ነኝ። ከሰቆጣ እስከ ጽጽቃ ያቆምኩት ቤት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን ስለ ግድግዳ ነው። «አያ ወልደ ገብርኤል፣ ግድግዳው ስንት ክንድ ይሁን?» ኧረ ግድግዳ ምን አለው! ግድግዳ ቢያዘም ታየዋለህ፤ ትደግፈዋለህ፤ ካልሆነም አፍርሰህ ትሠራዋለህ። ሰው የሚፈጀው ከላይ ያለው ነው። የአስማረን ጣሪያ ልንገርህና ከዚያ ወዲያ የፈለግከውን ሥራ።

አንተ የምታውቀው በመጨረሻው ጊዜ፣ ከዚያች የሣር ጎጆ ደጃፍ ተቀምጦ ሰላም ሲሉት ብቻ ቀና የሚለውን ሽማግሌ ነው። ልጆች ሆናችሁ «እብዱ አስማረ» ትሉት ነበር፤ አፋችሁን ቁርጥ ያርገውና! እብድ አልነበረም። እንደሱ የሰው ቃል የሚሰማ ቤት አሠሪ አላጋጠመኝም።

እናት አባቱን በልጅነቱ ቀብሮ በሰው ቤት ያደገ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሰቆጣ ከነጋዴው ከዑስማን ዘንድ ተቀጥሮ ጨው ይጭን ነበር፤ መኝታውም ያው ጭነቱ ላይ ነው። አገኘሁሽን ሲያገባም የራሱ ጣሪያ አልነበረውም፤ የዘመድ ቤት ጥግ ተጠግተው ገቡ። የሚያፈስ ቤት ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ውኃው መደባቸው ላይ ይንጠባጠባል። አገኘሁሽ እዚያ መደብ ላይ ሁለት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱንም ገና ጥርስ ሳያበቅሉ በብርድ ቀበረች። ሁለተኛውን በቀበሩ ማግስት፣ ባሏን «ከእንግዲህ ጠብታ የማይሰማበት ቤት ካላስገባኸኝ አልወልድልህም» አለችው። ከዚያ ወዲያ አስማረ የኖረው ለዚያች ቃል ነው።

ከአማቱ በተሰጠው ቁራሽ መሬት ላይ ሦስት ዓመት ድንጋይ አጠራቀመ። ከዚያ እኔ ዘንድ መጣና «ምን ላድርግ?» አለኝ። ያልኩትን አንድ ሳያጎድል ያደረገ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ አንተም ስማ። መሠረቱን አለት እስኪነካህ ቆፍር፤ «ይበቃል» የሚልህን ሰው አትስማ። እንጨቱን ጨረቃ ስትጎድል ቁረጠው፤ ጨረቃ ስትሞላ የተቆረጠ ነቀዝ ይበላዋል። ምሰሶውን አፈር ውስጥ አትቅበረው፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁመው፤ ምስጥ እንዳያገኘው። ጭቃውን ከጭዱ ጋር ረግጠህ ሰንብቶ እስኪሸት ተወው፤ ካልሸተተ አይዝም። ግድግዳው ካለቀም በኋላ አንድ ክረምት ጣሪያ ሳትጭንበት ይክረም፤ ረግቶ ይቀመጥ። ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። አስማረ ግን ግድግዳውን አቁሞ፣ ክረምቱን በዚያው በሚያፈሰው ቤት ሚስቱ እያኮረፈችው ከረመ።

ጣሪያውን የሚሸከመው ዋናው አግዳሚ ጥድ ነበር፤ ከጽጽቃ ማዶ ገደል ውስጥ የቆረጥነው። ደቦ ጠርቶ ሃያ ሁለት ሰው ሆነን ሁለት ቀን በትከሻ ተሸከምነው። ምንዋጋው የሚባል ቀልደኛ ነበር፤ ከፊት ይዞ «አስማረ፣ ይህንን ሬሳ ምን አብልታችሁ ነው እንዲህ ያወፈራችሁት?» እያለ ሲያስቀን ጉልበታችን ይከዳን ነበር። በላዩ ርብራቡን ደረደርን፤ በርብራቡ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከዚያ ቅጠል፣ ከዚያ ውኃ የማያሳልፈውን ነጭ አፈር ሁለት ስንዝር ያህል አድርገን ረግጠን ደለደልነው። አሸንዳውን ካወጣሁለት በኋላ ጣሪያው ላይ እንደቆምን እንዲህ አልኩት፦ «አስማረ፣ የአፈር ጣሪያ ማፍሰሱ አይቀርም። ሲያፈስ በላዩ አትጨምር። አሮጌውን ፍቀህ አውርድ፤ ያወረድከውን ያህል ብቻ መልስ።» «እሺ» አለ። በሺሕ ዘጠኝ መቶ አርባ ዓመተ ምሕረት፣ ለፋሲካ ገቡበት።

በዓመቱ ይመኙሻል ተወለደች። ክረምቱ መጣ፣ ሄደ፣ ልጅቱ አልሳለችም። ሁለተኛው ክረምት መጣ፤ ጥርስ አበቀለች። አገኘሁሽ መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር እጄን ትስመኝ ነበር፤ ግንበኛ እጁን ሲስሙት አይቼ አላውቅም። ለሷ ቤቱ ድንጋይና እንጨት አልነበረም፤ ልጇን ከሞት የደበቀላት ነገር ነው። ከይመኙሻል በኋላም ሌላ አልወለደችም።

ጥፋቱ የመጣው ከዚሁ ነው። ጣሪያውን ለመፋቅ ቤቱን ሦስት አራት ቀን መክፈት አለብህ፤ ሰማዩ ይታያል፤ ልጅህን ይዘህ ጎረቤት ትሰነብታለህ። አገኘሁሽ ይህን አልችልም አለች። «ይህን ጣሪያ የነካ ልጄን ነካ» አለችው። አስማረም አልጨከነባትም። ሰኔ በመጣ ቁጥር፣ አንድ ጠብታ ከሰማች፣ ዑስማን ሲያሰናብተው የሰጠውን አህያ እየነዳ ከወንዙ ዳር ነጭ አፈር ያመጣና በአሮጌው ላይ ይደለድላል። ሁለት ጭነት፣ ሦስት ጭነት። ጠብታው ይቆማል፤ ሚስቱ ትተኛለች፤ እሱም ደስ ይለዋል። እንዲህ ሲል አሥራ ሰባት ዓመት! እኔ አልፎ አልፎ «ፍቀኸዋል?» ስለው «ዘንድሮ እፍቀዋለሁ» ይለኝና በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ አንድ ነገር አጉረምርሞ ይሄዳል። እኔም ተውኩት። የሰው ቤት ነው ብዬ።

በሃምሳ ስምንት ይመኙሻል አግብታ፣ ለመጀመሪያ ልጇ እናቷ ዘንድ መጣች። የሰኔ ሚካኤል ዕለት በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። አስማረ መንደሩን እየዞረ እንደ ልጅ ሲስቅ አየሁት። በአሥር ቀኑ ይሁን በአሥራ ሁለቱ እንጃ፣ ዶሮ አንጠልጥዬ አራስ ልጠይቅ ሄድኩ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ ተቀመጥኩ። ገንፎ ቀረበልኝ፣ ቅቤው መሃሉ ላይ የቆመ። አንድ ሁለቴ እንደጎረስኩ ገንፎው ላይ አፈር ጠብ አለ። ትንሽ ነው፤ ቁንጥር አይሞላም። ቀና አልኩ።

አግዳሚው ሆዱ ወርዷል። ከመሃሉ፣ እንጨቱ ጉጥ ካለበት ቦታ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወጥቷል፤ የስንጥቁ አፍ ገና ነጭ ነው፤ አዲስ ነው። በላዩ ስንት ክንድ አፈር እንዳለ አሰብኩ።

አሁን አንተ «ለምን አልተናገርክም?» ትለኛለህ። አራስ ቤት ነው እኮ፣ ተስፋው! ያልተጠመቀች ልጅ ተኝታ፣ ከራስጌዋ ብረት ተቀምጦ፣ «ይህ ቤት ይወድቃል» ተብሎ ይነገራል? ያቺ ሴት ሁለት ልጅ የቀበረች ናት። ከጥቂት ቀን በፊት አንዷ ጎረቤት «ሕፃኗ ቀጠን አለች» ብትል «ሟርተኛ! ውጪልኝ!» ብላ አባርራታለች ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ጎበዙ ደግሞ ፈራሁ። አራሷንስ ከቀኗ በፊት ወዴት ያወጧታል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አልኩና ገንፎዬን ዋጥኩ። በልቤ ግን ቆጠርኩ። የሴት ልጅ ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ጳጉሜን ሁለት ላይ ይውላል። ክርስትናዋ ይለፍ፣ በዚያው ዕለት አስማረን ለብቻው ወስጄ እነግረዋለሁ አልኩ። አፈሩን እናወርዳለን፣ እንጨቱን እንለውጣለን።

አስማረ ያየኝ ነበር። «ገንፎው አልጣመህም እንዴ?» አለኝ።

«ጣመኝ እንጂ» አልኩት።

አንድ ባላ እንጨት ነበር የሚበቃው። አንድ! ከስንጥቁ ሥር አቁሜ ብወጥረው መስከረምን ይሻገር ነበር፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን ባላ ሳቆም ምን ብዬ ላቆም ነው? ያው መናገሬ ነዋ። ተውኩት። ሐምሌ ዘነበ፤ ነሐሴም ዘነበ። በዘነበ ቁጥር በልቤ ያንን አፈር አየዋለሁ፤ ውኃ ሲጠጣ፣ ሲከብድ። ቀኑን እየቆጠርኩ «ሃያ ቀረ፣ አሥራ አምስት ቀረ» እላለሁ።

አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ወደቀ። ነሐሴ ሃያ፣ እኩለ ቀን ላይ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። አስማረ አረም ላይ ነው፤ አገኘሁሽ ምንጭ ወርዳለች። ይመኙሻል ሕፃኗን አስተኝታ፣ እንደ አራስ ደንብ ቢላዋ በእጇ ይዛ ለአንድ አፍታ ጓሮ ወጣ ብላለች። እኔ ማዶ ካለው ቤት ግድግዳ ስጠግን ድምፁን ሰማሁ። ሰው «ነጎድጓድ ነው» አለ። እኔ ድንጋዩን ጥዬ ሮጥኩ፤ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ስደርስ ግድግዳዎቹ እንደቆሙ ናቸው። የኔ ግድግዳ፣ አንድ ድንጋይ ያልተነቃነቀበት! መሃሉ ግን የአፈር ክምር ነው። ይመኙሻል ላዩ ላይ ተንበርክካ በዚያው በያዘችው ቢላዋ አፈሩን ትጭራለች። አታለቅስም፤ ትጭራለች ብቻ። ይዘን ልናስነሳት ብንል ቢላዋውን አዞረችብን። ሕፃኗን ያወጣናት ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል ነው። ሰውነቷ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም፤ አፈሩ አፍኗት ነው።

ስላልተጠመቀች ፍትሐት የላትም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቀበርናት። የክርስትና ስም እንኳ የላት፣ ምን ብለን እናልቅስ? ለክርስትናዋ ብዬ ዝም ያልኩላት ልጅ ክርስትና ሳታገኝ ሄደች። ጉድጓዷን የማስኩት እኔ ነኝ።

ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ግንበኛው እኔ ነኝና እኔን ጠየቀ። «ምን ሆኖ ነው የወደቀው?» አስማረ ከጥግ ተቀምጦ «እኔ ነኝ» አለ። «ወልደ ገብርኤል አትጨምር ብሎኝ ነበር። አፈሩን የጫንኩባት እኔ ነኝ።» ሰው ወደኔ ዞረ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ፤ «አዎ፣ አፈሩ በዝቶ ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም። ግን ግማሹን ነው የተናገርኩት፣ ሌላውን ግማሽ ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ እግዜር ይይልኝ።

ይመኙሻል በዓመቱ ሌላ ወለደች፣ ባሏ ዘንድ፤ እናቷንም ወሰደቻት። ሁለቱም ወደዚህ መንደር እግራቸውን አላነሱም። አስማረ ብቻውን አፈሩን በቅርጫት እያወጣ ወንዝ ዳር መለሰው፤ ላግዝህ ያለውን ሁሉ አባረረ። ግድግዳውን ክፍቱን ትቶ፣ አጠገቡ ያችን የሣር ጎጆ ሠራ። ክረምት ሲዘንብ ከላይ ያፈስበታል፤ ሣር ጨምርበት ቢሉት አይጨምርም። እብድ ያላችሁት ይሄኔ ነው።

በስልሳ አራት፣ ኅዳር ላይ፣ ታመመ ሲሉኝ ሄድኩ። ከአምስት ዓመት በላይ የያዝኩትን ይዤ ልቀበር አልቻልኩም። ሰውዬው በኔም ድርሻ ተቃጥሎ ሊሞት ነው፤ ግማሹን እንኳ ላቅልለት አልኩ። እጁን ያዝኩና «አስማረ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። «ያን ቀን፣ ገንፎ ስበላ፣ አግዳሚው ተሰንጥቆ አይቻለሁ። ክርስትናዋ ይለፍ ብዬ ዝም አልኩ። የገደልናት እኔም ነኝ።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ይትፋብኝ ብዬ ተመኘሁ። እሱ ግን እጄን አልለቀቀም።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ቀና ስትል ዓይንህን ተከትዬ እኔም አይቼዋለሁ። እንዳንተው ክርስትናዋ ይለፍ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ታዲያ አንድ ቃል አትነግረኝም ነበር?»

«አንተስ?» አለኝ። ሳሉን ስሎ ቀጠለ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ መኝታዬን ከስንጥቁ ሥር አነጠፍኩ። አገኘሁሽ ምን ነካህ ስትለኝ እዚህ ይሞቀኛል አልኳት። ከወደቀ እኔ ላይ ይውደቅ ብዬ ስልሳ ሌሊት ከሥሩ ተኛሁ። ቀን ይወድቃል ብዬ አላሰብኩም፣ ወልደ ገብርኤል።»